በማን ሂሳብ?

ረቡዕ ጠዋት አራት ኪሎ፣ ጋዜጣ ከሚያከራዩት ልጆች አጠገብ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ጋዜጣውን የሚገልጠው ከመሃል ነው። ከፊት ገጹ ዜና ጋር ጉዳይ የለውም። የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ የወጣባቸውን ገጾች ፈልጎ እስክሪብቶውን ያወጣል። አንድ ቀን ከጎኔ የተቀመጠች ልጅ ጣቷን በመስመሮቹ ላይ ስታስኬድ ዓይኔ አብሯት ሄደ። የትምህርት ደረጃ፦ በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ። ጣቷ አለፈ። ብዛት፦ 2። አለፈ። የሥራ ልምድ፦ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ። ጣቷ ቆመና ወደሚቀጥለው ማስታወቂያ ዘለለ። እዚያም ቆመ። ከሙሉ ገጽ ውስጥ «ዜሮ ዓመት» የሚል አንድ ቦታ አግኝታ አከበበችው፤ ከሥሩ ግን «ዋስ ማቅረብ የምትችል» የሚል ነበረበት። አድራሻውን ገለበጠች፣ የኪራዩን ከፈለችና ሄደች። እኔ ከዚያች ጣት ጋር ቀረሁ።

ከትምህርት ወደ ሥራ የሚያሻግረው መንገድ ለምን ጠበበ ሲባል የምንሰጣቸው መልሶች የታወቁ ናቸው። ሥርዓተ ትምህርቱ ከገበያው ጋር አይገናኝም፤ ተማሪው ንድፈ ሐሳብ እንጂ ተግባር አያውቅም፤ ሥራ ፈላጊው ከሥራው ይበዛል። ሁሉም እውነት አላቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከእነዚህ ሥር ያለ፣ ብዙ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው። ያ ልጅቷን ያስቆማት ልምድ ምንድን ነው? የማንስ ነው?

ማስታወቂያው ልምድን እንደ ንብረት ይቆጥረዋል። አንዱ አለው፣ ሌላው የለውም፤ ያለው ይዞ ይምጣ ይላል። ቋንቋችን ግን ሌላ ነገር ያውቃል። ልምድ ከ«ለመደ» ነው፣ «ለማጅ»ም ከዚያው ነው። «ለማጅ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባት መኪና መንገድ ላይ ስትመጣ ሌላው ሹፌር ምን እንደሚያደርግ አስቡ። ራቅ ይላል፣ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሞተሯ መሃል አስፋልት ላይ ቢጠፋባት፣ ጥሩምባ የሚያስጮህ ባይታጣም፣ ብዙው ዞሮ ያልፋል። ከውስጥ ደግሞ በአሠልጣኙ እግር ሥር ሁለተኛ ፍሬን አለ። ለማጁ መንዳት የሚለምደው መሪ ስለጨበጠ ብቻ አይደለም። ስህተቱን የሚይዝለት እግር አጠገቡ ስላለ፣ መንገዱም ለጊዜው ስለሚታገሠው ነው። ያ ሁለተኛ ፍሬን ደግሞ በነጻ አልተገጠመም።

እንግዲህ ልምድ የምንለው፣ ሌሎች ሰዎች የቻሉልን ስህተት ክምችት ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ፈልጉልኝ የሚል ቀጣሪ፣ ሌላ ቀጣሪ ስህተቱን የከፈለለትን ሰው እየጠየቀ ነው።

አርስቶትል ሰው ቤት ሠሪ የሚሆነው ቤት በመሥራት ነው ብሎ ነበር። ወዲያው ግን ራሱ አንድ ችግር አነሳ፦ ሙያው የሌለው ሰው ሙያውን የሚጠይቀውን ሥራ እንዴት አድርጎ ይሠራል? ከመልሱ አንዱ ክፍል አጭር ነው፤ በአጋጣሚ ወይም ሌላ ሰው እየመራው። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ባለፈው በዚህ መልስ ውስጥ «ሌላ ሰው» የምትለዋ ቃል እኔን ትይዘኛለች። በመማርና በመሥራት መካከል ያለው ድልድይ ሰው ነው ማለት ነውና። ሰውየው ከሌለ የቀረው አጋጣሚ ነው።

ይህን በቅርብ ያየሁት አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። የማውቀው የመካኒካል ምህንድስና ምሩቅ፣ ከስምንት ወር ሥራ ፍለጋ በኋላ፣ ከመጠበቅ ይሻላል ብሎ እዚያ ገባ። የመጀመሪያው ቀን ዋናው መካኒክ ከመኪናው ሥር ሆኖ «ካቻቢቴ!» ሲል ልጁ ክው አለ። የአሥራ ስድስት ዓመቱ ረዳት በፊቱ አልፎ አቀበለ። ቀጥሎ ፒንሳ፣ ቀጥሎ ኩሽኔታ። አምስት ዓመት የተማራቸውን ዕቃዎች በአንዱም ስማቸው አያውቃቸውም፤ እሱ የሚያውቃቸው በመጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው።

እነዚህ ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። መማሪያ መጽሐፍ አላመጣቸውም። በወረራው አምስት ዓመትና ከዚያ በኋላም እዚህ በቀሩት ጣሊያኖች ጋራዥ ውስጥ፣ «አቀብለኝ» ሲባል ከእጅ ወደ እጅ ተላልፈው ነው እዚህ የደረሱት። ያስተማሯቸው ሰዎች ከሄዱ ስንት ዘመን ሆነ፣ ቃሎቹ ግን ከሠልጣኝ ወደ ሠልጣኝ እየተሻገሩ አሁንም ሥራ ላይ ናቸው። ትምህርት ቤቱና ጋራዡ በአንድ ከተማ ሆነው የሚናገሩት ሁለት ቋንቋ ነው፤ የሚያስተረጉማቸው አልተቀጠረም።

በሁለተኛው ሳምንት ልጁ የዛገ ብሎን እንዲፈታ ታዘዘ። ቁልፉን አስገብቶ ባለ በሌለ ጉልበቱ ሲያዞረው የብሎኑ ራስ ተቆርጦ እጁ ላይ ቀረ፤ ግማሹ ከሞተሩ ውስጥ ተቀብሮ ቀረ። እንዲህ ያለውን ብሎን በድሪል በስቶ ማውጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አየው።

«ዘይት አጠጥተኸዋል?»

«አላጠጣሁም ጋሼ።»

«ሊበጠስ ሲል እጅህ ላይ ይለሰልስብሃል። አልተሰማህም?»

«ተሰማኝ። የተፈታ መስሎኝ ነው።»

«በል፣ ይቺ በእኔ ሂሳብ ናት። ሁለተኛ ሲለሰልስብህ ግን ትቆማለህ።»

ልጁ በኋላ ያጫወተኝ ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም። ያቺን የመለስለስ ቅጽበት ያውቃት ነበር። ብረት ሲሳብ ከመበጠሱ በፊት የሚሸነፍባትን ነጥብ ዩኒቨርሲቲ ሳለ በግራፍ ስሏታል፣ ተፈትኖባታል፣ ሙሉ ነጥብ አግኝቶባታል። ወደ እጁ ስትመጣ ግን አላወቃትም። ካወቃት በኋላ ደግሞ ረዳቱ የማይችለውን ነገር ቻለ፤ ለምን እንደሚለሰልስ፣ የትኛው ብረት ቀድሞ፣ የትኛው ዘግይቶ እንደሚሸነፍ ለጋራዡ ልጆች ያስረዳቸው ጀመር። የተማረው ከንቱ አልነበረም። የጎደለው አንድ የተበጠሰ ብሎንና «በእኔ ሂሳብ» የሚል አንድ ሰው ነበር።

ጂን ሌቭ የምትባል አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት በላይቤሪያ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ሙያ እንዴት እንደሚተላለፍ አጥንታለች። እዚያ ለማጁ የሚጀምረው ልብሱ ከሚያልቅበት ነው፤ ቁልፍ መትከልና ጠርዝ መቀምቀም። ከዚያ ወደ መስፋት ይሄዳል። ጨርቅ መቁረጥ፣ በሥራው ቅደም ተከተል የመጀመሪያ የሆነው፣ በትምህርቱ የመጨረሻ ነው። እኔ እንደሚገባኝ ይህ ቅደም ተከተል የተደረደረው በስህተት ዋጋ ነው። አጣሞ የተከለውን ቁልፍ ፈትቶ ይተክለዋል፤ አጣሞ የቆረጠው ጨርቅ ግን አይመለስም። እነዚያ ልብስ ሰፊዎች የለማጁ ስህተት ዋጋ እንዳለው ቀድመው ተቀብለውታል፤ የቀራቸው ዋጋውን ከትንሽ አስጀምሮ ማሳደግ ነበር። የእኛ ማስታወቂያ በአንጻሩ ዋጋው ዜሮ ይሁን ይላል።

ወደ ልጅቷ ሁለተኛ መስመር፣ ወደ ዋሱ፣ ልመለስ። እኛ ዘንድ ሰው ገንዘብ ወይም ንብረት የሚይዝበት ሥራ ሲገባ ዋስ ይጠራል። አጎት ወይም ደሞዝተኛ ዘመድ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አጽፎ፣ ብታጎድል እኔ እከፍላለሁ ብሎ ይፈርማል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ለብቻው ሥራ እንደማይገባ፣ ከኋላው የሚቆምለት እንደሚያስፈልገው እናውቃለን ማለት ነው። ግን ዋሱ የቆመው ለጉድለት ብቻ ነው። ልጅቷ ብትሰርቅ የሚከፍል አለ፤ ልትማር ስትሳሳት የሚከፍል የለም። እምነት ለማጉደል የዘረጋነውን ዋስትና ለጀማሪነት አልዘረጋነውም።

ቀጣሪውን ክፉ አድርጎ መሳል አልፈልግም። አምስት ሠራተኛ ያለው ሰው አንድ ጀማሪ ወስዶ፣ ስድስት ወር ስህተቱን ችሎ፣ ልጁ እጁ ሲፈታ ጎረቤቱ አምስት መቶ ብር ጨምሮ ይወስድበታል። ሁለተኛ ጊዜ ጀማሪ ለምን ይወስዳል? እያንዳንዱ ሌላው እስኪያሠለጥን ይጠብቃል፣ ሁሉም ሲጠብቅ የሚያሠለጥን ይጠፋል። እያንዳንዱ ሰው ልክ ሆኖ ሁሉም በአንድነት የሚሳሳቱበት ቦታ ነው። እንዲህ ያለውን ደግሞ የአንድ ሰው ደግነት አይፈታውም። ጀርመኖች ይህን በሕግ ይዘውታል፤ ለማጁ ከድርጅቱ ጋር ውል ይፈርማል፣ አበል ይከፈለዋል፣ ሳምንቱን ለሥራ ቦታና ለትምህርት ቤት ያካፍላል፤ ወጪውን ድርጅቶችና መንግሥት ይጋሩታል። የእኛም የቴክኒክና ሙያ «የትብብር ሥልጠና» ከዚያ ብዙ ወስዷል። ከወሰደው ውስጥ የጎደለው ግን ዋናው ይመስለኛል፤ ድርጅቱ ስህተቱን የሚችልበት ምክንያት። ሠልጣኙ ዕቃ እንዳይነካ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ሲቆጥር፣ ማብቂያው ላይ ቅጹ ተፈርሞለት ሲሄድ አይቻለሁ። ቅጹ ሙሉ ነው፤ አንድ ብሎን አልተበጠሰም።

እስከዚያው እኛ ያበዛነው መለኪያውን ነው። የቴክኒክ ሠልጣኙ ለሙያ ብቃት ምዘናው፣ ለሲኦሲ፣ ይቀመጣል፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂው የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ መሆናቸውን ሁላችንም በድንጋጤ ሰምተናል። መለካቱን አልቃወምም። ግን ፈተና ያለውን ይቆጥራል እንጂ የሌለውን አይሰጥም።

ስህተትን አገር ራሷ የቻለችበት ጊዜ ነበረን። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን አድርጎ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልካቸው ነበር። መምህራቸው ከኋላቸው ሆኖ፣ ሕዝቡ ከፊታቸው ሆኖ ይማራሉ። ከአሥር ዓመት በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ዲግሪ ከመያዛቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ አደረገ፤ አብዛኞቹ አስተማሪ ሆኑ። ተማሪዎቹ በደስታ ብቻ አልሄዱም። ከሄዱት ብዙዎቹ ግን አገራቸውን ያወቁት በዚያ ዓመት ነው።

እዚህ ላይ ራሴን የማስጠነቅቅበት ነገር አለ። በ1964 ዓ.ም. የተጠናው፣ «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ዘርፍ ግምገማ ትምህርትን ለብዙኃኑ አጭርና ከአካባቢው ኑሮ ጋር የተያያዘ ላድርገው ብሎ ተነሳ። በ1966 ዓ.ም. መምህራኑ ሥራ አቁመው፣ ወላጆችም ተቆጥተው፣ ሐሳቡ ተመለሰ። ያ ቁጣ ድንቁርና አልነበረም። ገበሬው «የተግባር ትምህርት» ሲባል የሰማው «ልጅህ እዚሁ ይቅር» የሚል ነበር። እንዲህ ቢሰማ አይፈረድበትም። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን በሙያው የምንሰድብ ሰዎች ነበርን፤ ምኒልክ ስድቡን በአዋጅ እስኪከለክል ድረስ የደረሰ ነገር ነው። የእጅ ሥራ የተናቀበት አገር ወላጅ ልጁን ወደ እጅ ሥራ የሚያሳጥር መንገድ ሲዘረጋለት አጥር ቢመስለው ምን ይደንቃል? ስለዚህ ጋራዡ የትምህርት ቤቱ ምትክ ይሁን አልልም። ብሎን የበጠሰው ልጅ ግራፉን መሳል ይቻለው፣ ግራፉን የሳለውም ብሎን ይበጥስ ነው የምለው።

ሌላም አለ። የለማጅነት ሂሳብ ተገልብጦ በለማጁ ላይ ሊጻፍ ይችላል። ከጋሞ ደጋ ለሽመና ወደ አዲስ አበባ የተወሰዱ ሕፃናት ስንት ዓመት ያለ ደሞዝ፣ ያለ ትምህርት እንደሚቀመጡ እናውቃለን። ያ ሙያ ማውረስ አይባልም፤ ጌታው የሚከፍለውን ልጁ በዕድሜው ከፈለው። ሕግና ደሞዝ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ጀማሪን የሚይዝ ባለ ሙያ ለማስተማሩ ይከፈለው፣ ጀማሪውም ለሚሠራው ይከፈለው፤ የመጀመሪያው ዓመት ኪሳራ በአንድ ጋራዥ ትከሻ ላይ አይውደቅ። የአጎት ደብዳቤ የሚጠይቅ አገር ለዚህም ዋስ መቆም አያቅተውም።

ብሎኑ የተበጠሰ ቀን አመሻሽ ላይ ባለ መኪናው ወደ ጋራዡ መጣ። ጠዋት ያልቃል የተባለው አላለቀም። ልጁ ሌላ መኪና ሥር በጀርባው ተኝቷል፣ ከውጭ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። ሰውየው ድምፁን ከፍ አድርጎ ምን ሆነ ብሎ ጠየቀ። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ብሎን በጠስኩብህ፣ ነገ ጠዋት ትወስዳለህ» አለው። ከመኪናው ሥር ይሰማ የነበረው የቁልፍ ድምፅ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደገና ጀመረ።