የድኻ ለድኻ መረዳዳትና የባለጠጋው ዕዳ

በአክዓብ ዘመን ሰማይ ሦስት ዓመት ከስድስት ወር በተዘጋ ጊዜ ረኃቡ በበደለኛው ቤት ብቻ ተወስኖ አልቀረም። የሰራፕታዋ መበለት በሰማርያ የበኣልን መሠዊያ አልሠራችም፤ በአክዓብ ግዛትም አልኖረችም። ነገር ግን ከአንድ ጊዜ ጋገራ የማይተርፍ እፍኝ ዱቄት ብቻ ቀርቷት እንጨት ስትለቅም ነቢዩ ኤልያስ አገኛት፤ ከዚያችም አስቀድማ ለእርሱ እንድታደርግለት ጠየቃት (1ኛ ነገ. 17)። እግዚአብሔር ነቢዩን ወደ ባለጠጋ ጎተራ ሳይሆን ወደዚህች ባዶ ቤት መላኩ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ሰጪዋንና ተቀባዩን ከአንድ ማድጋ ሊመግብ ነው። አንድም፥ ድኽነት ከምጽዋት ነጻ እንደማያወጣ ሊያስተምር ነው። እኛ ግን በዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ እንጨምራለን፤ መበለቲቱ መስጠቷ የአክዓብን በደል ያቀልለታልን?

ይህ ጥያቄ በዘመናችን በመንግሥታት መካከል ተነሥቷል። የአየር ንብረት ለውጥ የሚባለው መከራ መነሻው የታወቀ ነው፤ ባለ ኢንዱስትሪዎቹ አገሮች ከመቶ ኀምሳ ዓመት በላይ ድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ሲያነዱ የወጣው የተቃጠለ አየር በሰማይ ተከማችቶ የምድርን ሙቀት ጨምሯል። ከዓለም ሕዝብ ከመቶ 18 ያህሉ የሚኖርባት አፍሪካ በየዓመቱ ከሚወጣው ከዚህ አየር ድርሻዋ ከመቶ 4 አይሞላም፤ ድርቁና ጎርፉ ግን የድርሻን ልክ አይጠይቅም። ባለጠጎቹ መንግሥታት በ2009 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን) በኮፐንሃገን እስከ 2020 ድረስ በየዓመቱ 100 ቢሊዮን ዶላር ለታዳጊ አገሮች ለማድረስ ቃል ገቡ። ቃሉ የተፈጸመው፥ እነርሱው እንደ ቈጠሩት፥ በ2022 ነው፤ ከመንግሥታቱ ከተሰጠውም የሚበዛው ብድር ነበር። ቤቱን ላቃጠሉበት ሰው የመሥሪያውን ገንዘብ ማበደር ካሣ ይባል እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ታዳጊዎቹ አገሮች ግን እስኪካሡ ድረስ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ2012 በአፍሪካ ኅብረት ሥር «አፍሪካን ሪስክ ካፓሲቲ» የተባለ ድርጅት ተቋቋመ። ሥራው ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ የመንግሥታት እድር ነው። አባል የሆነው መንግሥት በየዓመቱ ዐረቦን ይከፍላል፤ ዝናሙ በሳተላይት ይታያል፤ ምን ያህል እህል እንደሚጠፋና ስንት ሰው እንደሚጐዳ በኮምፒዩተር ይሰላል፤ ጉዳቱ አስቀድሞ ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ ከጋራው ገንዘብ ይከፈላል። መንግሥቱም ክፍያውን በምን ላይ እንደሚያውለው አስቀድሞ ዕቅድ ማቅረብ አለበት። በ2014 ኬንያ፥ ሞሪታንያ፥ ኒጀርና ሴኔጋል ጀመሩት፤ በዚያው ዓመት የሳህል ዝናም ስለ ጎደለ በ2015 ከኬንያ በቀር ለሦስቱ ከ26 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፈላቸው። ለሦስት አገር ረኃብተኛ ይህ እፍኝ ዱቄት ነው። መነሻውን ገንዘብ ጀርመንና ብሪታንያ ያለ ወለድ ማበደራቸውም ሊሸሸግ አይገባም።

አንዳንዶች ይህን መረዳዳት ይነቅፋሉ። ያልበደለው ዐረቦን ሲከፍል በዳዩ «እነርሱው ተረዳድተዋል» ብሎ ይተኛል፤ ዕዳውም ቀስ በቀስ ወደ ተበዳዩ ይዞራል ይላሉ። ነቀፌታው ከንቱ አይደለም፤ በሸንጎ ሁሉ ሲደረግ የምናየው ነውና። ነገር ግን ሐዋርያው በገላትያ መልእክት ስድስተኛ ምዕራፍ እርስ በርሳችን ሸክማችንን እንድንካፈል ካዘዘ በኋላ፥ ጥቂት ዝቅ ብሎ እያንዳንዱ የራሱን ሸክም እንደሚሸከም ይናገራል። ሁለቱ ቃላት ይጣላሉን ቢሉ አይጣሉም። የፊተኛው ስለ መከራ ነው፥ መከራን ይካፈሉታልና፤ የኋለኛው ስለ ሥራ ፍዳ ነው፥ ማንም ስለ ገዛ ሥራው ይጠየቃልና። እንግዲህ ሴኔጋል ከኒጀር ጋር መከራን ብትካፈል የአውሮፓንና የአሜሪካን ፍዳ አላነሣችላቸውም። ከመበለቲቱ ቤት ወጥቶ የሄደው ያው ነቢይ በንጉሡ ፊት ቆሞ የጥፋቱ ምክንያት እርሱና የአባቱ ቤት መሆናቸውን ገለጠለት፤ በድኻይቱ እንጎቻ የሰነበተ ሰው ነው ንጉሡን የገሠጸው። በ2022ም በሻርም ኤል ሼክ በተደረገው ጉባኤ ታዳጊ አገሮች በአንድ ቃል ስለ ቆሙ ለደረሰ ጥፋትና ጉዳት የሚውል ፈንድ እንዲቋቋም ተወሰነ። በዚያ ዓመት የማኅበራቸው ሊቀ መንበር የነበረችው ፓኪስታን ራሷ ከጥቂት ወራት በፊት በጎርፍ ተመትታ ነበር።

ከዚህ የሚከብደው ፈተና ከውስጥ የሚመጣው ነው። ዓመታት ከፍሎ ድርቅ ያልመጣበት መንግሥት፥ ይህ ገንዘብ ለሐኪም ቤት በዋለ ነበር ብሎ ሊያጕረመርም ይችላል። የገንዘብ ሚኒስትር እንዲህ ቢያስብ አንፈርድበትም፤ የድኻ ሕዝብ ሳንቲም የሚያስጠይቅ ነውና። ነገር ግን ሃያ ዓመት የእድር መዋጮ ከፍሎ ከቤቱ ሬሳ ያልወጣ ሰው ከሰርኩ ይላልን? ይልቁንስ ያመሰግናል እንጂ።

እድር የሚፈርሰው በመዋጮ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ የኀዘንተኛውን ቤት ባለማወቅም ነው። ማላዊ ዐረቦኗን ከፍላ ሳለ ጽኑ ድርቅ መታት፤ በሚያዝያ 2016 የአደጋ አዋጅ ታወጀ፤ ዕርዳታ የሚሻው ሰውም ከ6 ሚሊዮን በላይ ሆነ። የኮምፒዩተሩ ስሌት ግን የተጐዳው ጥቂት ነው፥ ክፍያ አይገባም አለ። ነገሩ ሲመረመር ስሌቱ የተመሠረተው ለመድረስ ረዥም ጊዜ በሚወስድ በቆሎ ላይ ሆኖ ተገኘ፤ ብዙዎቹ ገበሬዎች ግን ፈጥኖ ወደሚደርሰው ዘር ተሻግረው ነበር። ከማሳው ዳር የምትኖር ማንኛዪቱም ባልቴት ይህን ልትነግራቸው ትችል ነበር። ድርጅቱ ውሉ እንዲህ ይላል ብሎ በሩን ሊዘጋ በቻለ ነበር፤ እርሱ ግን ገበሬዎቹን አስጠይቆ ስሌቱን አረመ፤ 8 ሚሊዮን ዶላር ያህልም ከፈለ። ገንዘቡ የደረሰው ከአዋጁ በኋላ ብዙ ወራት ዘግይቶ ነው፤ ያን መዘግየት ለማሳጠር ገበሬውን ከዘር ጊዜ አስቀድሞ መጠየቅ ይበቃ ነበር።