በሩቅ አገር ለሚማር ልጅ የተጻፈ ምክር

ወዳጄ ሆይ፥ ትምህርትን ፈልገህ ከአባትህ ቤት ወደ ሩቅ አገር የሄድህ እንደ ሆነ ይህ ቃል ለአንተ ነው። እኅቴ ሆይ፥ ለአንቺም እንዲሁ ነው። ስለ መጠጥና ስለ ክፉ ባልንጀራ ሲሸኙህ ብዙዎች መክረውሃልና እኔ አልደግመውም። እኔ ልነግርህ የምወደው በባዕድ አገር ያለውን ተማሪ ቀስ እያለ ስለሚበላው ነገር ነው፤ እርሱም መደበቅ ነው።

ጌታችን የነገረንን የጠፋውን ልጅ ታሪክ በሉቃስ ወንጌል በ15ኛው ምዕራፍ አንብበሃል። ገንዘቡን እንዳባከነ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ይህን ደግሞ ተመልከት፤ በዚያ አገር ራብ በሆነ ጊዜ፥ እሪያም ሲጠብቅ፥ የእሪያዎቹንም መኖ ሲመኝ፥ ወደ አባቱ አንድ ቃል ስንኳ እንደ ላከ አልተነገረም። በአባቱ ቤት ግን ለሞያተኞች ስንኳ እንጀራ ይተርፍ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ከመንገዱ ርቀት ይልቅ የከለከለው እፍረት ነው።

አንድ ልጅ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ቤተ ሰቡ የሚያደርገውን አንተ ታውቃለህ። አንዱ አባት ቤቱን አስይዞ ይበደራል፤ ሌላው የዕቁቡን ገንዘብ ይሰጣል፤ እናት የአንገትዋን ወርቅ ትሸጣለች። ልጁ በአገሩ ከክፍሉ አንደኛ ነበረ። በዚያ ግን መምህሩ በእንግሊዝኛ ፈጥኖ ይናገራል፤ የሚነበበው ብዙ ነው፤ በቃሉ የያዘውን መመለስ ለምዶ ሳለ፥ አሁን የራሱን አሳብ አምጥቶ እንዲከራከር ይጠይቁታል። በመጀመሪያው ፈተና ይወድቃል። በእሑድ ቀን እናቱ ስትደውል፥ «ልጄ፥ ትምህርቱ እንዴት ነው?» ትለዋለች፤ እርሱም፥ «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ደኅና ነው» ይላል። ይህች ቃል ትንሽ ናት። በሚመጣው እሑድ ግን ሌላ ቃል ትፈልጋለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ስልኩን ማንሣት ይከብደዋል። ከዚያም ከቤተ ክርስቲያን ይቀራል፥ በዚያ የአገሩ ሰዎች አሉና፥ እነርሱም ይጠይቁታልና። ስለዚህ በተጨነቀበት ወራት ከእናቱም፥ ከወንድሞቹም፥ ከጸሎትም ይለያል። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ከፍሎ ጽሑፉን ሌላ ሰው እንዲጽፍለት የሚያደርግ አለ፤ ዩኒቨርሲቲውም ያወቀ እንደ ሆነ ያባርረዋል።

መደበቅ የሚጎዳው ነፍስን ብቻ እንዳይመስልህ። በአሜሪካ ሕግ፥ ኤፍ-1 በሚባለው ቪዛ የገባ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በየመንፈቀ ዓመቱ ከ12 ክሬዲት ያላነሰ ትምህርት ሊይዝ ይገባዋል። ቋንቋው የከበደው ወይም የማስተማሩ ልማድ እንግዳ የሆነበት እንደ ሆነ ግን፥ ትምህርቱን ከመተዉ አስቀድሞ በዩኒቨርሲቲው ስለ ውጭ አገር ተማሪዎች ወደ ተሾመው ሰው ሄዶ ቢናገር፥ ለአንድ መንፈቅ እስከ እኩሌታው ድረስ ሊቀነስለት ይቻላል። ስለ ሕመምም የሐኪም ወረቀት ቢያመጣ በጠቅላላው እስከ 12 ወር ድረስ ሊፈቀድለት ይቻላል። ሳያስፈቅድ በስውር ያቋረጠው ግን በዚያ አገር የመቆየት መብቱን ያጣል። የሁለቱ ድካም አንድ ነው፤ አንዱ ስለ ተናገረ ጊዜ ተሰጠው፥ ሁለተኛው ስለ ደበቀ መንገዱ ተዘጋበት።

ዳንኤልም ተማሪ ነበረ። ወዶ አልሄደም፥ ተማርኮ ነው እንጂ፤ ሆኖም በባቢሎን ሦስት ዓመት የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ ይማር ዘንድ ታዘዘ፥ ተማረም። ስሙን ስንኳ ብልጣሶር ብለው ለወጡት። የንጉሡን ምግብ ግን እንዳይበላ በልቡ አሰበ። እዚህ ላይ ቆም በል። ምግቡን በስውር ሊጥለው ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ወደ ጃንደረቦቹ አለቃ ሄዶ ለመነ። አለቃው ስለ ራሱ ፈርቶ እሺ ባላለው ጊዜ፥ ወደ ተሾመባቸው መጋቢ ሄዶ ለዐሥር ቀን እንዲፈትናቸው ጠየቀ። በንጉሥ ግቢ ያለ ምርኮኛ አሳቡን ከገለጠ፥ አንተ በመምህርህ ቢሮ ደጅ ለመቆም ስለ ምን ትፈራለህ?

መደበቅም ከአገር ሳይወጡ የሚጀምርበት ጊዜ አለ። ለቪዛ ሲባል ለአንድ ሳምንት ተበድሮ ባንክ የገባ ገንዘብ፥ በእጅ የተሠራ የምስክር ወረቀት፥ እነዚህን አውቃለሁ፤ አንተም ታውቃቸዋለህ። በዚህ የተነሣ ሰው በደረሰበት አገር ችግሩን ለመናገር አፉ ይያዛል።

ደግሞም ጊዜው ዘገየ ብለህ አትፈር። ኦነሲሞስ ነሲብ በሕፃንነቱ ተሰርቆ ባሪያ ሆነ፤ በምጽዋም ነጻ ወጣ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1876 እስከ 1881 ድረስ በስዊድን አገር ተማረ። ለወገኖቹ ለኦሮሞ ሕዝብ ወንጌልን ለመስበክ ተመለሰ፤ መንገዱ ግን ተዘጋበት፥ ሞክሮም አልሆነለትም። ወለጋ የገባው በ1904 ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት መካከል ከአስቴር ጋኖ ጋራ ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጐመ፥ በ1899ም ታተመ።

ይህን የምታነብ አባት ወይም እናት ብትሆን፥ ለአንተም ለአንቺም አንዲት ቃል አለችኝ። ልጁ ሲደውል ውጤቱን አስቀድማችሁ አትጠይቁት። ምን እንደ በላ፥ ማታ ከማን ጋራ እንደሚቀመጥ ጠይቁት። ያ አባት ልጁን ከሩቅ ባየው ጊዜ ሮጠ እንጂ ስለ ገንዘቡ አልጠየቀውም። እናንተ በጎረቤት ፊት ስለ ልጃችሁ የተናገራችሁት ነገር ልጁን ዝም አሰኝቶት ይሆናል።

አንተም ልጄ፥ የደበቅኸው ነገር ያለ እንደ ሆነ አስቀድመህ በእግዚአብሔር ፊት ተናገረው፥ እርሱ ያውቀዋልና አትደናገጥ። ነገ ጧት ወደዚያ ሹም ሂድ። ለእናትህ ግን ዛሬ ማታ ደውል። በዋሽንግተን ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን በአዲስ አበባ ሊነጋ ሲል ነው፤ ያን ጊዜ ለጸሎት ተነሥታ ታገኛታለህ።