የቃል ባለቤት

ልጆቼ ሆይ፤ ከሰው ጎተራ ገብስ ወስዶ «የእኔ አዝመራ ነው» የሚል ሰው በአርሲ ደጋ ሌባ ይባላል። የሰውን ሐሳብ ወስዶ ስሙን የሚሸሽግ ጸሐፊስ ምን ይባል? «ሐሳብ ቢወሰድ ከባለቤቱ አይጎድልም» ትሉ ይሆናል፤ እውነት ነው። የሚጎዳው ግን አንባቢው ነው፤ ከጭላሎ የወረደ ውሃ ንጹሕ መሆኑን ምንጩን ሳያይ በምን ያውቃል?

ስምም በወጉ ይጠራ። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 በእንግሊዝኛ ያሳተሙትን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ እንደ ፈረንጅ ልማድ «ታምራት» ብሎ የሚጠቅስ አለ። አባት ክብር ይገባዋል፤ መጽሐፉን ግን አልጻፈም።

እንግዲህ ስትጽፉ የጸሐፊውን ስም ከነአባቱ፣ ርእሱን፣ ዓመቱንና ገጹን አስፍሩ፤ የሚጠራጠራችሁም ሰው ከምንጩ ደርሶ ይመርምር።