የሌላውን ገጸ ባሕርይ መቀጠል

ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) በሬዲዮ ከተረከው ወዲህ፣ ብዙዎቻችን ጉዱ ካሳን የምንሰማው በወጋየሁ ድምፅ ነው። ወጋየሁ ከደራሲው ቀማ እንበል? አንልም። ድምፅ አዋሰ እንጂ ሐሳብ አልለወጠም።

ነገ አንዱ ጸሐፊ ተነሥቶ ሰብለ ወንገልን ከበዛብህ መቃብር አንሥቶ ለሌላ ቢድራትስ? አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት መብቱን ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ዳኛ ኅሊና ነው።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ነው። ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. በአብዛኛው ሲፈርስ ስሙ ቀረ። ጠባዩን አጥቶ ስሙን ብቻ የያዘ ገጸ ባሕርይም ከዚህ አይለይም፤ እናውቀዋለን፣ ግን አናገኘውም። እንግዲህ ቀጣዩ ጸሐፊ ከመጻፉ በፊት «ወራሽ ነኝ ወይስ አፍራሽ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ።