ሕዝብ የሚበቃው መቼ ነው?

ጭሮን ብዙ ሰው፣ በተለይ ዕድሜው ገፋ ያለው፣ አሁንም አሰበ ተፈሪ ነው የሚላት። ስሙን ልብ ብላችሁ ስሙት፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ተፈሪ አሰበ፣ ከተማዋም ሆነች። በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚያስበው አንድ ሰው ብቻ ነው። የኢቱ ገበሬና የጨርጨር ቡና ነጋዴ የሉበትም።

ከተማዋን የቆረቆሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ሩሲያ ተምረው የመጡ፣ የአገራቸው አሠራር መዝረክረክ የሚያንገበግባቸው ሰው ነበሩ። የጨርጨር ገዢ ሲሆኑ አውራጃዋን ለሌላው አርአያ ሊያደርጓት ተነሡ፤ አስተዳደሩ ደንብ እንዲኖረው ፈለጉ። ክፉ ሐሳብ አልነበረም። ደንብ የሌለው ሹም ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው አይንቀውም።

እኚሁ ሰው ናቸው እንግዲህ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት። 55 አንቀጾች አሉት። እንደ አርአያ የተወሰደው የጃፓኑ የ1889 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ በፈቃዳቸው ለሕዝባቸው የሰጡት ነው፤ የኛውም እንዲሁ። እኔን የሚቆጠቁጠኝ ግን አንቀጽ 32 ነው። የሕዝብ እንደራሴዎችን ለጊዜው መኳንንቱና ሹማምንቱ ይምረጡ፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የሚል ነው ሐሳቡ። እስኪበቃ ድረስ! ማን ይለካዋል? በምን ሚዛን? ፈተናውስ መቼ ነው? ሕጉ እዚህ ላይ ዝም ነው።

በሕግና ኅብረተሰብ ጥናት ውስጥ ለዚህ የሚሆን የቆየ ክርክር አለ። ሚሼል ፉኮ በ1970 ዓ.ም. ፓሪስ ውስጥ ሲያስተምር፣ ዘመናዊ መንግሥት በትእዛዝና በቅጣት ብቻ አይገዛም፤ ሰውን እየቆጠረ፣ እየለካ፣ እያሠለጠነ ጭምር ነው የሚገዛው አለ። አለን ሃንትና ጋሪ ዊክሃም በ1994 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ፉኮ ሕግን ከሥልጣን መድረክ አባርሮታል ብለው ወቀሱት። የለም፣ አላባረረውም ያሉም ተነሡ። የኛው አንቀጽ 32 ለዚህ ክርክር ጥሩ ምስክር ይመስለኛል። ሕግ ነው፤ የሚሠራው ሥራ ግን የአስተማሪ ነው። አገሩን በሙሉ ክፍል ውስጥ አስገብቶ፣ የማለፊያውን ነጥብ በኪሱ ይዞ ይዞራል። ሕግና ማሠልጠን እንዲህ አንድ እጅ ላይ ሲገናኙ ገዢውን የሚይዘው ነገር አይገኝም፤ ተማሪ አስተማሪውን አይሽርማ።

«ሕዝቡ እኮ ያኔ ፊደል አልቆጠረም» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ አብዛኛው አልቆጠረም። ግን ከጭሮ ብዙም ሳይርቅ፣ በበዴሳ በኩል፣ ኦዳ ቡልቱም አለ። የኢቱ ኦሮሞ በገዳ ሥርዓት ተሰብስቦ ሕግ ያወጣበት የነበረ ቦታ ነው። ገዳ አንድን ትውልድ ስምንት ዓመት አሠርቶ ውረድ ይለዋል። ተክለ ሐዋርያት የሚያስተዳድሩት ሕዝብ፣ ሥልጣን በጊዜ እንደሚገደብ አያቶቹ ያውቁ ነበር ማለት ነው፤ አዲስ አበባ የታተመው ሰነድ ግን ለንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን ምንም የጊዜ ገደብ አላበጀም። ታዲያ ማን ነበር ከማን መማር የነበረበት? (ዛፉን ደግሞ አናመልከው። በገዳ ትውልድ ተራ ገብተው ሥልጣን የሚረከቡት ወንዶች ናቸው። ሴቶቹም በየዘመኑ ያልበቁ ተብለው እንደሆን የሚጠይቅ ይጠይቅ።)

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። ሕዝቡም እንደራሴዎቹን ይምረጥ ተባለ፤ በ1950 መጀመሪያ ላይም መረጠ። በመካከሉ ባሉት ዓመታት የጨርጨር ገበሬ ምን ተማረና በቃ? የገጠሩ ልጅ አብዛኛው ትምህርት ቤት ደጅ አልደረሰም። ፓርቲ አልተፈቀደም፤ ግማሹ ምክር ቤትም፣ ሴኔቱ፣ እንደ ቀድሞው በንጉሠ ነገሥቱ ነበር የሚሾመው። በቃህ ያሉትም ቀድሞ አልበቃህም ያሉት ናቸው።