ቍጥርን ስለ መመርመርና ነፍስን ስለ መጠበቅ



በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ በ24ኛው ምዕራፍ ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን እንደ ቈጠረ፥ ስለዚህም ነገር መቅሠፍት መጥቶ 70,000 ሰው እንደ ሞተ ተጽፎ እናነባለን። በኦሪት ዘኍልቍ በ26ኛው ምዕራፍ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በዚያ መቅሠፍቱ ካለፈ በኋላ ሕዝቡ ይቈጠር ብሎ ሙሴንና ካህኑን አልዓዛርን ያዘዘ ራሱ እግዚአብሔር ነው። እንግዲህ መቍጠር በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ በራሱም ጽድቅ አይደለም። መምህራን እንደሚያስተምሩት ዳዊት የቈጠረው በሠራዊቱ ብዛት ሊመካ ነው፤ ሙሴና አልዓዛር የቈጠሩት ግን ከሞት ለተረፈው ሕዝብ ርስቱን ለማካፈል ነው። ለትምክሕት የሚቈጠር አለ፤ ለጥበቃም የሚቈጠር አለ። ለጥበቃ በተቈጠረ ጊዜ ካህኑ ከቈጣሪዎቹ አንዱ እንደ ነበረም ልብ እናድርግ።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ፥ ስንት ሰው እንደ ተመረመረ፥ ስንቱ እንደ ተያዘ፥ ስንቱም እንደ ሞተ ዕለት ዕለት ይነገር ነበር። በዚያው ወር በ30ኛው ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። እጅን መታጠብ፥ መራራቅ፥ አፍና አፍንጫን መሸፈን ታዘዘ። ሕዝቡ በመጀመሪያ ፈራ፤ ጥቂት ቈይቶም ተጠራጠረ። በአርባ ምንጭ ገበያ፥ በጨንቻና በዶርዜ ደጋ፥ በለቅሶ ቤትም ሳይቀር «ይህ ቍጥር ከወዴት የመጣ ነው? ከእኛ ሰፈር የሞተው ማን ነው?» ሲባል ሰማን። ክትባቱ በ2013 ዓ.ም. በመጣ ጊዜም ጥርጥሩ አብሮ ተከተለው።

ጥያቄው መልስ የሚገባው ጥያቄ ነውና ዛሬ እንመልሰው። በጫሞ ሐይቅ የሚያጠምድ ሰው ማለዳ መረቡን ስቦ ዐሥር ዓሣ ቢያወጣ፥ «በመረቤ ዐሥር ዓሣ ተገኘ» ይላል እንጂ «በሐይቁ ያለው ዓሣ ዐሥር ነው» አይልም። ይነገር የነበረው ቍጥርም የመረቡ ቍጥር ነው። የሚቈጠረው ተመርምሮ የተገኘበት ሰው ብቻ ነው፤ በደጋው መንደር ሳይመረመር በጎጆው ታሞ የዳነው ወይም የሞተው አይቈጠርም። በዚህ ዐይነት በአገራችን በበሽታው መያዛቸው በምርመራ የታወቀው ከ500,000 ይበልጣሉ፤ መሞታቸው የተመዘገበውም ከ7,500 ይበልጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ግምት፥ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ2020 እና በ2021 በዓለሙ ሁሉ በበሽታውና በወረርሽኙ ሰበብ የሞተው ሰው 14.9 ሚሊዮን ያህል ነው፤ መንግሥታት ያስታወቁት ግን 5.4 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር።

እንግዲህ «ቍጥሩ ልክ አይደለም» ያለው ሰው ግማሽ እውነት ይዞ ነበር። ስሕተቱ ከዚያ በኋላ ነው፤ ቍጥሩ ከጎደለ አደጋው ከተነገረው ይበልጣል ማለት ሲገባው፥ አደጋው የለም አለ። ይህም መረቡ ቀዳዳ ስላለው ሐይቁ ባዶ ነው እንደ ማለት ነው።

ነገር ግን ተጠራጣሪውን ብቻ አንወቅስም። ቍጥሩ በየቀኑ ሲነገር፥ እንዴት እንደ ተቈጠረ ለገበሬውና ለሸማኔው በሚገባው ቃል ያስረዳው ጥቂት ነው። «ተራራቁ» ያለው ሰው ራሱ በተጨናነቀ ስብሰባ ሲታይ፥ ሕዝቡ ከቃሉ ይልቅ ሥራውን አመነ። በሌላ ነገር ብዙ ጊዜ የተታለለ ሰውም እውነት በተነገረው ቀን እውነቱን እንደ ሐሰት ይሰማዋል።

ከሁሉም የሚከብደው በእምነት ስም የተነገረው ነው። «ያመነ አይታመምም፤ አፍን መሸፈን እግዚአብሔርን መጠራጠር ነው» ያሉ ነበሩ። የኦሪት ዘሌዋውያን 13ኛው ምዕራፍ ግን ሕመሙ ያጠራጠረው ሰው ሰባት ቀን ተለይቶ እንዲቀመጥ፥ ለምጹ የታወቀበትም ከንፈሩን ሸፍኖ ከሰፈር ውጭ እንዲኖር ያዝዛል፤ ይህንም መርምሮ የሚለየው ካህኑ ነው። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር፥ መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ እንድናውቅ ያስተምረናል። ጌታችንም ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር በተባለ ጊዜ አምላክን መፈታተን እንደማይገባ መለሰ እንጂ አልተወረወረም። ሚያዝያ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ብዙው ምእመን የትንሣኤን በዓል በቤቱ ሆኖ ያከበረው የክርስቶስን መነሣት ተጠራጥሮ አይደለም፤ ለባልንጀራው ራርቶ ነው።

በዚህ ሁሉ የእኛ የካህናቱ አፍ ወዴት ነበረ? ሕዝቡ የድምፅ ማጉያውን ትቶ ወደ እኛ መጥቶ «እውነት ነውን?» ብሎ ጠየቀን። ከመካከላችን ብዙዎች «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለን አሰናበትነው። ቃሉ እውነት ነው፤ እኛ ግን መሸሸጊያ አደረግነው። የሞተውን በፍትሐት የምንሸኝ እኛ ስለ ሆንን፥ በዚያ ዓመት ለቅሶ መብዛቱን ወይም አለመብዛቱን ከማንም ይልቅ ልናውቅ የሚገባን እኛ ነበርን። መዝገብ ስላልያዝን ግን የሚጠራጠረውን ልናስረዳው፥ የሚያጋንነውንም ልናርመው አልቻልንም።

ቃል በምን እንደሚታመን የጋሞ ምድር ራሷ አስተምራናለች። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በደረሰው ግድያ የተቈጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል በተነሡ ጊዜ፥ የጋሞ ሽማግሎች እርጥብ ሣር ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩላቸው፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ሽማግሎቹ የያዙት ሣር እንጂ መሣሪያ አልነበረም። ከሟቾቹ መካከል የራሳቸው ወገኖች ነበሩና ኀዘኑ የእነርሱም ነበረ፤ በቃል የለመኑትንም አስቀድመው በጉልበታቸው አሳዩ። ስለዚህ ታመኑ።

ነገሩ አልፏል ብለን አንዘናጋ። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. የማርበርግ በሽታ እኛ ባለንበት በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፥ በጂንካ ከተማ መገኘቱ ተነገረ። ይህ በሽታ በታመመው ሰው ደምና በሰውነቱ ፈሳሽ ይተላለፋል፤ ሰውየው ከሞተም በኋላ በድኑን ወደሚያጥበውና ወደሚገንዘው ይጋባል። ገንዞ መቅበር ደግሞ የእኛ አገልግሎት ነው። እንዲህ ባለ ቀን «ይህን በድን አትንኩ፤ ፍትሐቱን በርቀት ቆመን እናደርሳለን» ማለት ይገባን ይሆናል። በዚያን ጊዜ ሕዝቡ ካላመነን፥ ቀጥለው የሚሞቱት አጣቢዎቹና ገናዦቹ ይሆናሉ። መታመን በመከራ ቀን ከገበያ አይሸመትም፤ አስቀድሞ በደኅናው ቀን ይከማቻል እንጂ።

ስለዚህ በየደብራችን የተጠመቁትና የተቀበሩት ሁሉ ስማቸው፥ ዕድሜያቸውና ቀናቸው በመዝገብ ይጻፍ። ቍጥር ሲነገረን ሐሰት ነው ወይም እውነት ነው ከማለታችን በፊት፥ ማን ቈጠረው፥ እነማንን ቈጠረ፥ እነማንስ ሳይቈጠሩ ቀሩ ብለን በአቅራቢያችን ያለውን የጤና ባለሙያ እንጠይቅ። የማናውቀውን አናውቅም እንበል፤ ያወቅነውን ግን አንደብቅ። ለሕዝቡ የምናዘውን አስቀድመን በራሳችን እንፈጽመው።

በሉቃስ ወንጌል በ15ኛው ምዕራፍ የተነገረለት እረኛ ከመቶ በጎቹ አንዱ መጥፋቱን ያወቀው ቈጥሮ ነው። ባይቈጥር ኖሮ ዘጠና ዘጠኙን ይዞ «ሙሉ ናቸው» ብሎ በተኛ ነበር። የጠጕራችንን ቍጥር የሚያውቅ አምላክ እኛንም ከቸልታ እንቅልፍ ያንቃን፤ ለአፋችን እውነትን፥ ለሕዝባችንም ጤናን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።