ጠላትን ስለ መውደድ

ጌታችን በተራራው ትምህርቱ ጠላቶቻችንን እንድንወድ፥ ለሚያሳድዱንም እንድንጸልይ አዝዞናል (ማቴ. 5፥44)። ይህን ቃል ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምረን ሰምተነዋል። ነገር ግን ድንበሩን የተገፋ ወይም ወንድሙ የተገደለበት ሰው ወደ ንስሐ አባቱ ቀርቦ «አባቴ፥ ይህን ሰው እንዴት አድርጌ ልውደደው?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ፥ ትእዛዝ ነውና ውደደው ብሎ ማሰናበት ለእኛ በቂ መልስ መስሎ አይታየንም።

በመጀመሪያ ቃሉን እንመልከት። በግእዝ ጠላት «ጸላኢ» ይባላል፤ ይኸውም ጸልአ፥ ጠላ ካለው የወጣ ነው። የአማርኛውም «ጠላት» እንዲሁ ከ«ጠላ» የተገኘ ነው። እንግዲህ ጠላት ማለት የሚጠላን ነው እንጂ እኛ የምንጠላው ማለት አይደለም። ጌታ ይህን ያስተማራቸው ሰዎች በሮማውያን አገዛዝ ሥር የነበሩ፥ ወታደር አስገድዶ ሸክም የሚያሸክማቸው ነበሩና፥ ጠላት የላችሁም ሊላቸው አልመጣም። ከወዲያ የመጣው ጥላቻ ከወዲህ እንዳይመለስ አዘዛቸው እንጂ።

የዚህንም ሥራ በዳዊት እናያለን። ሳኦል ሊገድለው ሲያሳድደው በዋሻ ውስጥ በእጁ ወደቀ፤ ዳዊት ግን የልብሱን ዘርፍ ብቻ ቈርጦ ተወው። ሳኦልም አልቅሶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ዳዊትስ ተከትሎት ሄደን? አልሄደም፤ ከሰዎቹ ጋር ወደ አምባው ወጣ። ምሕረት አደረገለት፥ ራሱን ግን መልሶ በእጁ አልሰጠውም። ይህን ያላስተዋሉ አንዳንድ መምህራን የተበደለውን ሰው ወደ በዳዩ ቤት ያለ ዋስ እንዲመለስ ሲያስገድዱ እናያለን፤ እኛ ይህን አንደግፍም።

ደግሞ፥ ዳዊትን በየዕለቱ ስንደግም በመዝሙር 108 ጠላትን እንረግም የለምን? የሚሉ አሉ። አባቶች ይህን በጠላት ዲያብሎስ ይተረጕሙታል። ነገር ግን የጎረቤቱን ስም በልቡ ይዞ የሚደግም ሰው መኖሩን አንሸሽግም። እንዲህ ያለው ሰው ድንጋይ ወረወረ እንጂ ጸሎት አልጸለየም።

ይህ ነገር ለአገራችን የሩቅ ታሪክ ብቻ አይደለም። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሕዝብ፥ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት በፋሺስት ጦር ተጨፈጨፉ። በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ በገቡ ጊዜ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አሳሰቡ። ቍስሉ ገና ትኵስ ነበርና ቃሉን መቀበል ቀላል አልነበረም። ሆኖም የኢትዮጵያ መንግሥት የጦር ወንጀለኞቹ ለፍርድ እንዲቀርቡ ጠይቋል፤ የሰማዕታቱም ሐውልት በስድስት ኪሎ ቆሟል። በቀልን መተው ፍርድን መተው፥ ሙታንንም መርሳት አልሆነም።

እንግዲህ ወደ ንስሐ አባቱ የመጣው ሰው ከምን ይጀምር? ፍቅርን በልቡ እስኪያገኝ አይጠብቅ። የዚያን ሰው ስም ከርግማን አውጥቶ በጸሎቱ ይጥራ፤ ልጁ ቢታመም ይጠይቅ፤ የድንበሩንም ነገር በሽማግሌ ወይም በዳኛ ፊት ያቅርብ። በቅዳሴ ጊዜ እርስ በርሳችን ሰላም እንድንባባል ዲያቆኑ ሲያዝዝ፥ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እጅ እንነሣለን። ብዙ ጊዜ ያ ሰው ከእኛው ጋር በዚያው ቤተ ክርስቲያን፥ በሌላው ዐምድ አጠገብ ቆሟል።